ሽማግሌዎቼ ቆመው ያዩት ፊልም

ሽማግሌ ልካችሁ የምታውቁ ያቺን ቀን ታውቋታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ከልጅቷ አባት ፊት ሆነው ስለ እናንተ ሲናገሩ፣ እናንተ ሌላ ቦታ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን ትጠብቃላችሁ። እህል አይወርድም፣ ጨዋታ አይጥምም። እኔ ግን ያቺን ቀን ተቀምጬ አላሳለፍኳትም። የልጅቷ አባት ጣራ ላይ፣ በረዶ እየወረደብኝ፣ የሳቸውን ዲሽ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ስሜ ይማም ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ጎባ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስመደብ ባሌ ውስጥ ዘመድ ቀርቶ በስም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ሰው አገር ስትኖር ደግሞ አንድ አመል ይለምድብሃል፦ ሰው መስማት የሚፈልገውን መናገር። አከራዬ የክፍሉ ሙቀት ተስማማህ ወይ ሲሉኝ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አዎ እላለሁ። የማልወደውን እወዳለሁ፣ ያላየሁትን አይቻለሁ እላለሁ። ክፉ ውሸት አልነበረም፤ ግን ውሸት ነበር።

ቅዳሜና እሁድ ዲሽ እሠራለሁ። ደሞዝ ለመደጎም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስለ ሞገድ ለተማሪ ስታስረዳ ገብቶት ይሁን ሳይገባው አታውቅም፤ ዲሽ ግን ሲገባው ወዲያው ምስል ያሳይሃል።

ሀሊማን ያገኘኋት ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነው። ለጉንፋን የሚሆን ነገር ስጠይቃት፣ በዚህ ብርድ በሸሚዝ ለሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ኪኒን ሳይሆን ጃኬት ነው አለችኝ። ጃኬት ገዝቼ ላሳያት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ቤተሰቦቿ ሮቤ ናቸው፤ ከጎባ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ቤታቸውን አይቼው አላውቅም። ሽማግሌ ሳይላክ በዚያ ሰፈር ማለፍህ ራሱ ነውር ነው ትለኝ ነበር። ስለ አባቷ ስለ ሐጂ ኡስማን የማውቀው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ እንዳላቸውና ከእኔ በፊት ሁለት ጠያቂ መመለሳቸውን ነው። አንደኛውን ዘሩን እየቆጠረ አራተኛው አያቱ ላይ ሲደርስ አስቁመው አሰናበቱት ይባላል።

እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ሰባት ቤት ድረስ መቁጠር አያቅተኝም። ግን ባሌ ውስጥ እውነቱን ነው ብሎ የሚመሰክርልኝ ማን አለ?

ሦስት ሽማግሌ ለመንኩ። አከራዬ ሼህ አብደላ ዋናው ሆኑ። የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋሽ ንጉሤ፣ ንግግር ያውቃሉ ተብለው ሁለተኛ ሆኑ። ሦስተኛው ኦቦ ሁሴን የሚባሉ የጎሮ ሰው ናቸው፤ የሐጂን አባት ያውቁ ነበር። ቀጠሮው ለእሁድ ዘጠኝ ሰዓት ተያዘ። ሼህ አብደላ ጠዋት በሬን አንኳኩተው አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ ከቤት እንዳልወጣ። ሽማግሌ ልኮ በዚያ ሰፈር የሚንጎራደድ ልጅ ትዕግሥትም ሥርዓትም የለውም ይባላል፣ ሐጂ ካዩህ ነገራችን እዚያው ላይ አለቀ አሉኝ። አልወጣም ብዬ ማልኩላቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሰውዬው ሮቤ ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ዲሼ ምስል አጥቷል አለኝ። ዛሬ አይመቸኝም ማለት ነበረብኝ። ግን ቤት ውስጥ ግድግዳ ሳይ ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ ሮቤ ደግሞ ትልቅ ከተማ ነው፣ የሐጂ ኡስማን ቤት ላይ ልወድቅ አልችልም አልኩ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ዕድሉን አስልቼ ነው የሄድኩት።

በሩን የከፈቱልኝ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ነጋ ዳ፣ ብለው ሰላምታዬን ተቀበሉና በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ስምንት ተኩል ላይ አንድ ፊልም አለ፤ ለሱ እንዳደርስላቸው ፈለጉ። ሳሎን ገብቼ ሪሲቨሩን ስፈትሽ የምን ፊልም እንደሆነ ነገሩኝ። የጠፈር መርከብ፣ አምስት ሰዎች፣ ከሩቅ ኮከብ በረዶ ውስጥ ያገኙት ሎሚ የምታህል ነገር።

«ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ» አልኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነቴን ነበር።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ ሀሊማ ጥቁር ጋወን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ትስቃለች።

በሩን የከፈቱልኝ ሐጂ ኡስማን ራሳቸው ናቸው። ልሩጥ? ሠራተኛ መሣሪያውን ጥሎ ከሮጠ ሌባ ነው የሚመስለው። ልናገር? ሽማግሌዎቼ ሳይደርሱ ሙሽራው ካቻቢቴ ይዞ ራሱን አስተዋወቀ ሊባል ነው። ሰዓቴን ሳይ ስምንት ከሩብ ነው። ቶሎ ጨርሼ ከመምጣታቸው በፊት ውልቅ ማለት ብቻ ነው ያለኝ አማራጭ።

«መሰላሉ እዚያ ነው፤ ውጣ» አሉና ተመልሰው ገቡ። መሰላሉን የሚይዝልኝ እንኳ አልነበረም።

ዲሹን ሳየው ገረመኝ። ማዘንበያውን የሚያስረው ቡሎን የለም። ሌላው ደግሞ ላልቷል፤ ዳዶው ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። የባሌ ነፋስ የማያደርገው ነገር የለም ብዬ አለፍኩት። በመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ልኩን ፈለግኩ፤ ጠፋ። በመስኮቱ በኩል ቡሎን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ልብ በሉ፣ የምጠይቀው የመለዋወጫ ነጋዴን ነው። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ በእጅህ ያዘው፣ ፊልሙም አጭር ነው አሉኝ።

በእጄ ያዝኩት። ምስሉ መጣ። ከታች «ማሻአላህ» ሲሉ ተሰማኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስት ሰዎች በመንገዱ ብቅ አሉ። የሼህ አብደላን ከዘራ ከሩቅ አወቅኩት። ጭንቅላቴን ከዲሹ ጀርባ ደበቅኩ። ዲሽ ግን ሰው ለመደበቅ አልተሠራም፤ ፊቴን ሸፈንኩ ስል ምስሉ ጠፋ፣ ሐጂም ወደ ግራ፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ ከታች ያዝዙኝ ጀመር። ሽማግሌዎቼ በእግሬ ሥር አልፈው ገቡ። ቀና ያለ አልነበረም፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል። ሰላምታው በኦሮምኛም በአማርኛም ረዘም አለ። ሐጂ ተቀመጡ አሉ። ሼህ አብደላም ወጉ እንደሚያዘው ጉዳይ ይዘን መጥተናል፣ ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም አሉ።

«እሰማችኋለሁ» አሉ ሐጂ፤ «ግን አንድ ሰው ውጭ ቀርቷል። እሱ ሲገባ ልይና።»

ጣራ ላይ ሆኜ ስለ እኔ የተናገሩ መሰለኝ። ኋላ እንደገባኝ ግን የተናገሩት ስለ ፊልሙ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የመርከቧ አንቴና ተሰብሮ አንድ ሰው ሊጠግን ወደ ውጭ ወጥቷል፤ እሱ ሲመለስ ሌሎቹ በሩን አንከፍትም ብለዋል። ያቺ ሎሚ የምታህል ነገር፣ የመርከቧ ሐኪም አዝናላት ለብ ያለ ውሃ ጠብ ስታደርግባት ነፍስ ዘርታ፣ አንዱን ሰው በልታ ተሰውራለች። ምናልባት ውጭ ባለው ሰው ላይ ተለጥፋ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሐጂ ለሽማግሌዎቼ ያስረዷቸዋል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው ዐረብኛ ነው። ሐጂ ዐረብኛ ያነባሉ፤ የተማሩት ግን ከኪታብ ስለሆነ የመርከቧ ሰዎች እንደ ጥንት ዑለማ ነው የሚናገሩት። አንዱ ወጣት በእንግሊዝኛ የሚያጸይፍ ስድብ ሲሳደብ፣ ሐጂ «ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ከተሳሳቱት ነህ» ብለው ተረጎሙት።

ሽማግሌዎቼ ወጉ መቀመጥ ስለሚከለክላቸው ቆመው ማየት ጀመሩ። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ሆነ፦ የእኔ ጉዳይ የሚሰማው ሰውዬው መርከቧ ውስጥ ሲገባ ነው። ሰውዬው የሚገባው ምስሉ ካልጠፋ ነው። ምስሉ የማይጠፋው እኔ ዲሹን ካልለቀቅኩ ነው። ትዳሬን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

መጀመሪያ ንግግር የከፈቱት ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ጓደኛቸው ከሆነ ይክፈቱለት እንጂ ለምን ያመነታሉ አሉ። ሐጂ አልተስማሙም። አመጣጡን ሳይጠይቁ ያንን ነገር አሞቁት፣ አጠጡት፣ ይኸው አሁን አራት ቀሩ፣ ደግሞ ሌላ በር ይክፈቱ ትላለህ ወይ አሏቸው። ሼህ አብደላ አጋጣሚውን አላሳለፉትም።

«ሐጂ፣ ከሩቅ የመጣ ሁሉ እኮ አጥፊ አይደለም» አሉ። «ከሩቅ መጥቶ ሥራውን አክብሮ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር አለ። እኛም የመጣነው ስለ እንደዚህ ያለ ልጅ ነው።»

«የሱን ኋላ እንደርስበታለን» አሉ ሐጂ። «ይሄኛው ግን ጫማው አልተፈተሸም።»

እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት ኦቦ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ይሄ የሚበላው ፍጡር አባት የለውም ወይ ብለው ጠየቁ። አይታወቅም አሏቸው። ጎሳስ? እሱም አይታወቅም። ሰውየውን የበላው በምን ቂም እንደሆነ ተጠይቋል? አልተጠየቀም።

«እንግዲያው ጥፋቱ የነሱ ነው» አሉ ኦቦ ሁሴን። «ከአገሩ አንስተው አመጡት። ሽማግሌ አልላኩበትም። ካሣም አላቀረቡ። ዝም ብለው እሳት ይረጩበታል።»

ሐጂ ይህን በቁም ነገር አሰቡበት። ለጥቂት ደቂቃ አራት የተከበሩ ሰዎች ከፍጡሩ ጋር ማን ይነጋገር፣ በምን ቋንቋ፣ ከየት ወገን ሽማግሌ ይገኛል እያሉ ተከራከሩ። እኔ የተረሳሁ መሰለኝ። ሼህ አብደላ እንኳ ለዚያ ፍጡር ከእኔ የተሻለ ተናገሩለት፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።

በዚህ መሐል ከሰነቴ አምባ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። የባሌ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ሲጠቁር ጊዜ አይሰጥም። መጀመሪያ ነፋሱ መጣና መሰላሉን አንስቶ ግቢው ውስጥ አጋደመው። ቀጥሎ በረዶው ወረደ። ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ከሥሩ ሆናችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከላዩ ሆኖ መስማት ሌላ ነው። ጆሮዬን፣ እጄን፣ አናቴን ይደበድበኛል። ዲሹ የበረዶ ሳህን ሆነ። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸውን ተጠራጠርኩ። ሀሊማ ያስገዛችኝን ጃኬት ሳሎን ወንበር ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። መጮህ እችል ነበር። ከጮህኩ ግን ሽማግሌዎቼ ይወጣሉ፣ ያዩኛል፣ ሽማግሌ ልኮ ጣራ ላይ ወጥቶ የሚያዳምጥ ሙሽራ እየተባልኩ ከሮቤ እስከ ጎሮ ስሜ ይነሣል። ሀሊማም ትቀርብኛለች። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰውዬው ከመርከቧ ውጭ፣ እኔ ከሳሎን ውጭ፣ ሁለታችንም አንቴና ይዘን በር እስኪከፈትልን ቆምን።

በረዶው ቀለል ሲል ከታች ድምፅ ሰማሁ። ሐጂ «ሐኪሟ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ልትከፍት ነው» አሉ። በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ።

እኔ ዲሹን ለቀቅኩ። ክንዴ ግን አልታጠፍ አለ።

ጋሽ ንጉሤ እንግዲህ መብራቱም ስለፈረደ ወደ ጉዳያችን እንግባ ብለው ሞከሩ። ሐጂ አይሆንም አሉ። ሰውዬው ገባ አልገባ ሳይታወቅ እንዴት ሌላ ነገር ይነሣል? ደግሞም የሚያውቅ ሰው አለ፤ ዲሽ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ አይቶታል፣ እሱን አውርዱት አሉ።

መሰላሉን ያነሡት ሽማግሌዎቼ ናቸው። ወርጄ ፊቴን ስመልስ ከሼህ አብደላ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠምን። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ጋሽ ንጉሤ «ይማ...» ብለው ጀምረው በሳል ሸፈኑት። ሼህ አብደላ ቶሎ ራሳቸውን ሰብስበው፣ የማያውቁኝ መስለው፣ ቀስ በል ልጄ፣ ያዳልጣል አሉኝ። ዓይናቸው ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። ሳሎን ስንገባ ከኋላዬ ሆነው በጆሮዬ «ከፈቱለት፣ በሰላም ኖሩ በል» አሉኝ።

ከሦስቱ ጎን ቆምኩ፤ ከጸጉሬ ውሃ እየተንጠባጠበ ምንጣፋቸውን አበላሸሁት። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ።

«በሩን ከፈቱለት?»

«ከፈቱለት።»

«ያ ነገር አብሮት ነበር?»

ሼህ አብደላ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። ገባኝ። አልነበረም ማለት ቀላል ነው። መብራት የለም፣ ፊልሙ የለም፣ የሚያጋልጠኝ ማንም የለም። ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩትም በዚህ ነው፤ ሰው መስማት የሚፈልገውን በመናገር። ቀና ስል የሀሊማን ፎቶ አየሁ። ከዚህ ቤት ልጅ በውሸት ብወስድ ዕድሜዬን ሙሉ እየተሸፋፈንኩ ልኖር ነው። ደከመኝ። ከብርዱ ይልቅ እሱ ነው ያደከመኝ።

«አብሮት ነበር» አልኩ። «ጫማው ውስጥ ነበር። ከሐኪሟ በስተቀር ሁሉንም ጨረሳቸው።»

ጋሽ ንጉሤ በረጅሙ ተነፈሱ። ኦቦ ሁሴን አልኳችሁ አይደል ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ አላቆምኩም።

«ሐጂ፣ እኔም ጫማ ውስጥ ተደብቄ አልገባም» አልኩ። «ሽማግሌዎቹ የመጡት ስለ እኔ ነው። ይማም እባላለሁ። የማን ቤት እንደሆነ ሳላውቅ ነው የመጣሁት፤ ካወቅኩ በኋላም ፈርቼ ዝም አልኩ። እነሱ ጣራ ላይ መሆኔን አያውቁም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ሼህ አብደላ ያ ረቢ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሐጂ ኡስማን እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ያወጡትን ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቡሎን ነበር፤ ከነዳዶው፣ ልኩ፣ ንጹሕ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አሉ። «ፊልሙንም ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሀሊማ ለእናቷ፣ እናቷ ለሐጂ ስሜንና ዲሽ መሥራቴን ነግረዋል። ሐጂም ሽማግሌ ስለ ልጁ የሚለውን ከመስማቴ በፊት ልጁን ሲሠራ ልየው ብለው ቡሎኑን ፈቱ፣ ስልኬን ፈልገው ደወሉ። ሥራ ላይ ያማርራል ወይስ ይታገሣል፣ ይህን ብቻ ነበር ማየት የፈለጉት። ባለፈው የመጣው ልጅ አራተኛው አያቱ ላይ የተመለሰው መቁጠር አቅቶት እንዳልሆነም ያኔ ነገሩን፤ ያልነበረ ትልቅ ሰው አያቴ ነው ብሎ ስለዋሻቸው ነው። መብራቱ ሲጠፋ እዋሽ እንደሆነ እኔንም በፊልሙ የመሞከር ሐሳብ መጣላቸው።

«በረዶውን ግን እኔ አላዘዝኩም» አሉ፤ ይቅርታ የጠየቁኝ ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ጃርሶሊ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጡ። ስለ ትዳሬ ከዚህ በላይ ደስ ያለኝ ቃል ሰምቼ አላውቅም። እርግጥ እሺ አላሉም፤ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ከወሎ አባቴን እንዳመጣ ሁለት ሳምንት ቀጠሩኝ። የሀሊማ እናት ከጓዳ የሐጂን ወፍራም ጋቢ ይዘው መጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ ያኔ ነው ስንቀጠቀጥ እንደነበር ያወቅኩት። አባቴም መጣ፣ ዘሩን ቆጠረ፣ ስድስተኛው ላይ ተሳሳተና ተሳሳትኩ ብሎ እንደገና ጀመረ። ሐጂ የወደዱት ያኔ ነው።

እንግዲህ እናንተም ሰው አገር የምትኖሩ፣ እንግዳ ሆናችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ሁሉን አዎ የምትሉ፣ ይህን ለናንተ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ቀን በፊት ሰው የሚፈራኝ ከሩቅ ስለመጣሁ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቤት የተፈራው ግን የተደበቀ ነገር ነው። ዛሬ አከራዬ ሼህ አብደላ ሙቀቱን ሲጠይቁኝ በርዶኛል እላለሁ፤ እሳቸውም ተቆጥተው ብርድ ልብስ ያመጡልኛል። እውነት በመናገር ያተረፍኩትን ብርድ ልብስ ማስቀመጫ አጥቻለሁ።

ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። የሐጂ ኡስማን ዲሽ አሁንም በየወሩ ምስል ያጣል። ይደውሉልኛል፤ ነፋሱ ነው መሰለኝ ይላሉ። ማን እንደሚፈታው አውቃለሁ፣ እንደማውቅም ያውቃሉ። ሚኒባስ ይዤ ሮቤ እሄዳለሁ፣ ቡሎኑን ከኪሳቸው ይሰጡኛል፣ እወጣለሁ። ሐጂ ከታች ቆመው፣ ሥራዬን እስክጨርስ፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይይዙልኛል።